የእትዬ አስካለ ሰርቪስ ቤት

የሚከራይ ቤት ፈላጊው ደላላ የሚባል ፍጡር ዓይኑን አላይም ብሎ ምሏል። ስለዚህ ክፍት ሰርቪስ ቤት አላቸው የተባሉትን እትዬ አስካለን ራሱ ሊያነጋግር ሰፈሩን ሦስት ቀን አካለለው። በመጨረሻ አንድ ባለሱቅ፣ "ወንድማቸው አርፎ ድንኳን ውስጥ ናቸው" አለው።

ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? ነጠላ ተውሶ አዘቅዝቆ ለበሰና ገባ። ለማያውቀው ሟች "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ደረቱን መታ፤ እናቱ ስትሞት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። አባብለው አስቀመጡት።

ንፍሮ ሲዘገንለት፣ አጠገቡ ወዳሉት ዓይናቸው በለቅሶ ያበጠ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ፣ "አባባ፣ እትዬ አስካለ የትኛዋ ናቸው?" አለ በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ንፍሯቸውን አኝከው ዋጡ።

"ለቤቱ ከሆነ ከእኔ በኋላ ነህ" አሉት። "ያ የሚጮኸው ረድፍ በሙሉ ከፊታችን ነው።"