የዋንዛው ባለቀንድ

«ደግሞ ብቅ አለ!» አለ ፈንታሁን በሹክሹክታ። እህቱ ያቀበለችውን ቆሎ ገና አልቀመሰም።

ጌጤ አጎንብሳ በዋንዛው ግንድ ቀዳዳ አየች። ወንድሟ ጣሊያን እግሩን በጥይት ካቆሰለው ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ ውስጡ በበሰበሰው በዚህ አሮጌ ዛፍ ሆድ ተደብቋል። የጠበል መቅጃ ቅሏ ውስጥ ምግብ ደብቃ ታመጣለታለች። እሷ ስለ ቁስሉ ስትጠይቀው እሱ ስለ ጥንዚዛ ያወራታል።

«ቀንዱን እዪው እስቲ! እኔ ስገባ እኮ እንደ አውራ ጣቴ የወፈረ ነጭ ትል ነበር። ብስባሹን ሲግጥ ውሎ ሲግጥ ያድራል። ኋላ ከብስባሹ ጎጆ ቀለሰና ጭጭ አለ። ሞተ ብዬ አዝኜለት ነበር፤ ለካ ቀንድ ሊያበቅል ኖሯል!»

«አንተም ቀንድ እስክታበቅል ነው የምትቀመጠው?»

«ሳቂ አንቺ። ከተለወጠ በኋላም ጀርባው እስኪጠነክር ንቅንቅ አላለም። አሁን ክረምቱን ነው መሰል የሚጠብቀው። ምን እንደሚበላ ግን አልደረስኩበትም። ትንሽ ማር ብታመጪልኝ…»

«ለቁስልህ የጠፋውን ማር ለጥንዚዛ!» አለች ጌጤ። «ይልቅ ጀርባውን እንዳትነካው። ልጅ ሳለን የእሱን ዓይነት ጀርባውን ተጭነህ አንገቴ ሥር እያስጮህክ ‹እባብ! እባብ!› ስትለኝ ስንቴ አልቅሻለሁ።»

«የዚህ አጥቢያ ልጅ ሁሉ ያደርገው የለ!»

ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ጌጤ ሳቋን ዋጠች፤ ቅሏን አንስታ በጠበሉ መንገድ እብስ አለች።

ወዲያው የብዙ ሰው ኮቴ ዛፉን ከበበ። አንድ ፈረንጅ በቋንቋው ጮኸ፤ አስተርጓሚው ቀጠለ፦ «ቀዳዳ አለው፣ ቁረጡት ይላል!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ አንድ ባንዳ፣ «የታቦት ዛፍ በምሳር አልመታም። እጄን ላግባና ልፈትሸው» አለ።

ፈንታሁን ድምፁን አላወቀውም። የቆሰለ እግሩን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ፈራ። ዱር የገባ አርበኛ አይፈራም የሚሉ ሰዎች ዛፍ ሆድ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም።

ቀዳዳው ጨለመ። አንድ እጅ ገብቶ ብስባሹን ዳበሰ፣ ግድግዳውን ዳበሰ፤ ከዚያ የፈንታሁንን ጉልበት ነካና ቆመ።

አለቀ፣ አለ ፈንታሁን በልቡ። ጠመንጃ የለው፣ ጩቤ የለው። አጠገቡ ያለው ያ ባለቀንድ ብቻ ነው። ከባንዳው ጣቶች ሥር ገፋ አደረገው።

እጁ ጥንዚዛውን ጨበጠ። ሽሽሽሽ አለ ጥንዚዛው፣ እስከ ውጭ የሚሰማ።

ፈንታሁን የባንዳው እጅ ደንግጦ እስኪወጣ ጠበቀ። እጁ ግን አልደነገጠም። አውራ ጣቱ በዝግታ ቀንዱን ዳበሰ፣ ከዚያ ጀርባውን። መልሶ ተጫነው። ሽሽሽሽ።

«እባብ! ኧረ እባብ!» ብሎ ባንዳው እየጮኸ ጥንዚዛውን እንደጨበጠ እጁን መነጨቀ።

ውጭው ተተራመሰ። አስተርጓሚው ለፈረንጁ እየተንተባተበ አስረዳ፤ አንዱ በባንዳው ድንጋጤ ሲሥቅ ተሰማ። ኮቴው ሁሉ ከዛፉ መራቅ ጀመረ።

«ሂዱ፣ ጠመንጃዬን ላንሳ!» አለ ያው ባንዳ።

ቀዳዳው እንደገና ጨለመ። እጁ አሁን ምንም አልዳበሰም፤ ጉልበቱን በቀጥታ አገኘው። መዳፉን ከፈተ፣ ጥንዚዛውን በእግሮቹ አስተካክሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ወጣ።