ከጠብታዋ የመጣ ፖስት ካርድ

ካርታ ነዳፊው ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ሲቀረው አንድ ፖስት ካርድ ደረሰው። ከመሥሪያ ቤቱ ስም በላይ «ደሴታችንን ለሣሉ ባለሙያ» ይላል።

«ካርታዎን አየነው። የውሃ ጉድጓዳችን በስተሰሜን ነው፤ እርስዎ በስተደቡብ አድርገውታል። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ሠላሳ ሁለት ሰዎች ነን። የደሴቷ ነዋሪዎች።»

ካርታ ነዳፊው ጉድጓድ የሣለባት ደሴት አንዲት ብቻ ናት። እዚያ ቦታ ግን ደሴት የሚባል ነገር የለም። ከሃያ ዓመት በፊት የባሕሩን ካርታ ሊያስረክብ አንድ ቀን ሲቀረው ከብዕሩ ቀለም ጠብ አለበት። የአራት ወር ድካሜን ከምቀድ ብሎ ለጠብታዋ ዳርቻ ሠራላት፤ አሥራ አራት ሜትር ከፍታ ጻፈላት፤ እጁ አልቆም ብሎት ጉድጓድም ጨመረላት። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገረም። ካርታው የመንግሥት ነው፤ ነገሩ ቢታወቅ ጡረታው ገደል ገባ ማለት ነው።

ካርዱን ገለበጠው። በሌላው ገጽ በእጅ የተሣሉ ዝቅ ያሉ ቤቶች አሉ፤ ከፊታቸው ሰፊ አሸዋ።

«ጋሼ መስመር፣ የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ? ፊትዎ እኮ ወረቀት መሰለ!» አለች አራሚዋ ከጎን ጠረጴዛ፤ «መስመር» እሷ ያወጣችለት ስም ነው።

«የዘመድ ነው።»

«በዚህ ዘመን ፖስት ካርድ የሚልክ ዘመድ? እውነትዎን ነው?»

ከአራሚዋ ዓይን ነጠላ ሰረዝ አታመልጥም። እህቷ ደግሞ የምትኖረው ወደብ ከተማ ነው፤ የካርዱም ማኅተም የወደብ ነው። ነዳፊው ሁለቱን ገጣጠመና ላኪዋ እሷ ናት ብሎ ጠረጠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አልበላ አለው።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛው ካርድ መጣ።

«ስለ እኛ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጊዜ የለም። በቅርቡ ከወደብ ሰው ይመጣል፤ እባክዎ እውነቱን ይንገሩት።»

ሥዕሉ ያው ነው፤ አሸዋው ብቻ የለም። ውሃው ከደጃፎቹ ሥር ይጀምራል። «ልኬት የማያውቅ!» አለ ነዳፊው በልቡ። በፍርሃቱ መሀል እንኳ ሙያው አልተወውም።

«አንተ ሰውዬ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ምን ያስበረግግሃል?» አለችው ሚስቱ።

«ሰው ሊመጣ ይችላል።»

«ይምጣ! ሰው ቤት ሰው ይመጣል።»

የካርታው አዲስ እትም በዚያው ወር ሊወጣ ነበር። በማግሥቱ ምላጩን አነሣና ደሴቷን ከነጉድጓዷ ፋቃት። ከርዕሱ ሥር «የታረመ» ብሎ ጻፈ። ሁለቱን ካርዶች ቀዳዶ ጣላቸው።

አራሚዋ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ዘርግታ አየች። «እዚህ ጋ አንዲት ደሴት አልነበረችም?»

ነዳፊው ምላጩን ወደ መሳቢያው ከተተ። «የቀለም ጠብታ ነበረች።»

«ወይ ጋሼ መስመር! ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብታ ስናትም ኖርን?» ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያም ፈረመች።

ላኪዋ እሷ እንዳልሆነች ያኔ ገባው። ፍርሃቱ ግን ባሰበት። እሷ ካልሆነች ታዲያ ማን ነው?

ካርታው በወጣ በሁለተኛው ወር ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሰው ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«ከወደብ ነው የመጣሁት። ደሴቷን የሣሉት እርስዎ ነዎት?»

ነዳፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ ነኝ።»

«የፋቋትስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ሰውየው እጁን ዘረጋ። «ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት። የነፍስ አድን መርከብ አዛዥ ነኝ። አንድ ቀልደኛ ባሕሩ ሊውጠን ነው፣ አውጡን እያለ ፖስት ካርድ ቢልክብን በአሮጌው ካርታ ተነሥተን ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለን የታረመው መውጣቱን በሬዲዮ ነገሩንና ተመለስን።» ሰውየው ኮፍያውን ደፋ።

«ቀልደኛውም እንደተነቃበት ገብቶት ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ካርድ አልላከም።»