አሥራ አንድ ጣሳ ባቄላ

ደንቡ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። መጽሔት ውድቅ ያደረገው ጥናት ከመዝገብም ይሰረዛል፣ በማግስቱ ከጸሐፊው አእምሮም ይፋቃል፤ ያንኑ ጽሑፍ እየመላለሰ ገምጋሚዎችን እንዳያሰለች ተብሎ። ጸሐፊው ይህን አውቆ ፈርሞ ነው የሚልከው። ገምጋሚው ግን የማን ጽሑፍ እንደሆነ አያውቅም።

ዶክተር ምንትዋብ ትናንት ከሰዓት የምትገመግመው አምስት ጽሑፍ ነበረባት። ሦስተኛው በትንሽ ውሃ ስለሚያፈራ ባቄላ ነበር። ሁለት ገጽ አነበበችና «በአሥራ አንድ ጣሳ የተሠራ ሙከራ ጥናት አይባልም» ብላ ውድቅ አደረገችው።

ዛሬ ጠዋት ባሏን ቢያድግልኝን በረንዳው ላይ ግራ ተጋብቶ አገኘችው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እዚያ ከደረደራቸው የድልህ ጣሳዎች አጠገብ አይጠፋም ነበር። እሷም ጊዜ ማሳለፊያው ነው ብላ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

«ምንቴ፣ ይሄን ሁሉ ጣሳ ማነው እዚህ የደረደረው?» አላት።

ቆጠረቻቸው። አሥራ አንድ ናቸው። በየጣሳው ላይ የተለጠፈው ቀን በእሱ እጅ የተጻፈ ነው።

«ጉንዳን ሳያመጣብን አውጥቼ ልጣለው?»

«ተው! የኔ ናቸው።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አትክልተኛ የሆንሽው?» ብሎ ሳቀና ማጠጫውን አቀበላት። «በይ አጠጫቸዋ!»

ማጠጫውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በስንት ቀን አንዴ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳይጻፍ አይቀርም ነበር።