የሀብትነሽ ዋስ

«እጣው የእኔ፣ ብሩ የሌላ! ይህ የምን ፍርድ ነው ጋሽ ዘሩ?»

«ብሩማ ያንችው ነው፤ ማን ነካብሽ? ዋስ አምጭና ውሰጅ ነው ያልሁሽ» አሉ የእቁቡ ዳኛ። ሁለት መቶ ብሩን በመሐረብ ቋጥረው ጉልበታቸው ሥር አድርገውታል።

ሀብትነሽ በኸሊል ሱቅ መካከል ቆማለች። የእቁቡ ሰዎች በሰሊጥ ጆንያዎች ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል። ሃያ ሁለት ሳምንት አምስት አምስት ብር ጥላለች፤ በአጨዳው ጊዜ ከቀን ሥራዋ፣ ሥራ ሲጠፋ ከእራቷ ቀንሳ። ልብስ ሰፊው ጀይሉ ዛሬ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጎንደር ይመለሳል። የሚሸጠውን የስፌት መኪና እስከ ቀትር ሊያቆይላት ቃል ሰጥቷታል። መኪናው ካላት በሚመጣው ክረምት ልጇን ለጎረቤት ጥላ አረም አትወርድም።

«ማሩን ማን ዋስ ጠየቀው? ባለፈው ሳምንት እጣው ወጥቶለት ብሩን ቋጥሮ ሲሄድ ዐይቻለሁ።»

«ማሩ ሚስት አለው፣ ቤት አለው። የት ይሄዳል?»

«እኔስ የት እሄዳለሁ?»

ዘሩ በአገጫቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። ከሱቁ እስከ ወንዙ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ከወንዙ ማዶ ሱዳን ነው። አምና አንዱ እጣው በወጣ ማግስት ተሻግሮ ቀርቷል። ዕዳውን የከፈሉት ዘሩ ናቸው።

«ባልሽ ማዶ ነው። እቁቡ ስትገቢ፣ ‹ከገዳሪፍ ይልክልኛል፣ አንድ ሳምንት አላስተጓጉልም› ያልሽን አንች ነሽ። አሁን ‹ነይ› ቢልሽ ምን ይይዝሻል?»

ሀብትነሽ ወደ ደጁ ዘወር ብላ አየች። ያን ጊዜ እንዲያ ባትል ባል የሌላትን የቀን ሠራተኛ ማን ያስገባት ነበር? መልሱ ምላሷ ላይ ነው። ግን ልጇ ታንጉ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው። የቀይ ሸበጧን አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች።

«አይጠራኝም» አለች ሀብትነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምን አልሽ?»

«አይጠራኝም አልሁ!»

«እንዴት አይጠራሽ? ለልጁ ጫማ የላከ ሰው? ይኸው እግሯ ላይ!»

«ለእኔ እንዲህ ያለ ሸበጥ የሚልክልኝ ቢኖር ድልድይም አልጠብቅ፣ በዋና ነው የምሻገር» አለች ጠላ ሻጯ ውባንች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ታንጉም አብራ ሳቀች፤ ሸበጧ በመመስገኑ ደስ ብሏት።

«ጋሽ ዘሩ፣ በማርያም፤ ሌላ ነገር ይጠይቁኝ። በየሳምንቱ እየመጡ ቤቴን ይዩ። መኪናውን ራሱን መያዣ ያድርጉት።»

«መኪናውስ ጋሪ ላይ ከወጣ ወንዙን አይሻገርም?»

የደጁ ጥላ አጥሮ ግድግዳው ሥር ገብቷል። ቀትር እየሆነ ነው።

ኸሊል ከባንኮኒው ጀርባ ሚዛኑን ጓ አድርጎ አስቀመጠ።

«በቃ ተዉአት እንጂ! ሸበጡን የገዛችው ከኔ ነው። ስሙኒ ስሙኒ እያመጣች ሦስት ወር ከፍላበታለች። ሰውየው ገዳሪፍ ሌላ አግብቶ ወልዷል፤ ዕቃ ላመጣ ስሻገር በዐይኔ አይቼዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መርፌ አልላከም። ወላሂ፣ ዋሷ እኔ ነኝ!»

ውባንች ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ታዲያ ይህን ብትናገሪ ምን ነበረበት?» አሉ ዘሩ መሐረቡን እየፈቱ። «ስንት ሰዓት አደከምሽን! ነይ፣ ቁጠሪ።»

ሀብትነሽ ተንበርክካ መቁጠር ጀመረች። መቶ ላይ ስትደርስ ጠፋባት፤ እንደገና ከአንድ ጀመረች። ከጀርባዋ ውባንች ማሩን፣ ቀበሌው ዛሬ ስኳር ያድል እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ኸሊል ወደ ሚዛኑ ተመልሷል።

«ሞላ?» አሉ ዘሩ።

«ሞላ።»

ብሩን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ቀና አለች። ደጃፉ ላይ ማንም የለም። ሁለቱ ቀይ ሸበጦች ደፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከእነሱ ወዲያ፣ በቀትር ፀሐይ በሚፋጀው አቧራ ላይ፣ የትናንሽ ባዶ እግሮች ዱካ ይታያል።