"የዌብሳይቱ ጽሑፍ የት ገባ?" አሉ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ስብሰባው ላይ።

"ሲስተር ነክተውት ይሆናል... እኔ በበኩሌ ሥራዬን ጨርሼ ነው የወጣሁት።"

ኢንጂነሩ ይህን ያለው ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ነው። እግሩ ከሥር አላርፍ ብሎ ይርገበገባል።

ዳይሬክተሩ ቀስ ብለው ወደ ነርሷ ዞሩ።

ውጭ ስልክ ይጮኻል... ይዘጋል... እንደገና ይጮኻል።

የሚደውሉት እናቶች ናቸው።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ... ካልሆነ እኔም አላርፍም።

ሲስተር የሕፃናት ክፍል ነርስ ናቸው። በቱቦ የሚመገቡ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤት ለሚገቡ እናቶች ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጽፉ ኖረዋል።

ቱቦው ቢደፈን... ልጁ ቢያስመልስ... ማታ ቢወጣ...

ሁለት መቶ አስራ አራት ገጽ! ሁሉም የሆስፒታሉ ዌብሳይት ላይ። እናት ልጇን በአንድ እጇ ታቅፋ በሌላው ስልኳን ከፍታ ታነባለች።

ያን ቀን ጠዋት ስትከፍተው ግን "እንኳን ደህና መጡ" ብቻ። ሌላው ባዶ።

አሁን ወደ ኢንጂነሩ ልምጣ።

ቅጽል ስሙ "አስር ደቂቃ" ነው። ምን ብትጠይቁት "አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው" ይላል። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚመልስ፣ ሊፍት እስኪመጣ መቆም የማይችል፣ ጉረኛ!

ዌብሳይቱን አዲሱ ሰርቨር ላይ የጫነው እሱ ነው።

ዌብሳይቱ ዳታቤዝ የለውም። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። በጣም ቀላል ነገር።

አስር ደቂቃ ሁሉንም ጠቅልሎ ኮንቴይነር ውስጥ ከተተው። ኮንቴይነር ማለት... ዌብሳይቱ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ የያዘ ዝግ ሳጥን በሉት። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ሳጥኑ አይጠገንም፤ ይጣልና በቦታው ሌላ ይተካል። አሪፍ አሠራር ነው፣ አልዋሽም።

ግን የጽሑፎቹ ፎልደር ከሳጥኑ ውጭ መቀመጥ አለበት። ካልሆነ ከሳጥኑ ጋር አብሮ ይጣላል።

ይህን የምታዘው አንድ መስመር ናት። አንድ መስመር! "በኋላ እጨምራታለሁ" ብሎ ዘለላት።

የጫነ ዕለት ሲስተር በሩ ላይ ቆመው ጠየቁት።

"ልጄ፣ ጽሑፌ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ሰርቨር ላይ ነዋ፣ ሲስተር።"

"እሱማ ገባኝ። ያ ሳጥን ያልከኝ ውስጥ ነው... ወይስ ከሳጥኑ ውጭ?"

"ሲስተር ደግሞ! አያስቡ።"

ምሳ ላይ ለጓደኞቹ አወራው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከአራት ወር በኋላ አዲስ ቨርዥን መጣ። አሮጌውን ሳጥን ጣለ፣ አዲሱን ተካ... አስር ደቂቃም አልሞላው። ሁለት መቶ አስራ አራቱም ገጽ አብሮ ሄደ።

እና ስብሰባው ላይ ሲስተር ላይ ላከከ።

"ሲስተር፣ ነክተውታል እንዴ?" አሉ ዳይሬክተሩ።

ሲስተር የአስር ደቂቃን እግር አዩት።

"ዶክተር፣ እኛ ክፍል ልጅ ከአልጋ ሲወድቅ መጀመሪያ እናነሣዋለን። ማን ጣለው የሚለውን በኋላ እንጠይቃለን።"

ከጋዋናቸው ኪስ ፍላሽ አወጡ። ፕላስተር ተለጥፎበት የትናንት ቀን ተጽፎበታል።

ነርስ ለተረኛዋ ሳታስረክብ ከክፍል አትወጣም አይደል? ሲስተር ጽሑፋቸውንም እንደ በሽተኛ ነበር የሚያስረክቡት። ሁልጊዜ ሥራ ሲጨርሱ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ይገለብጣሉ፣ ለተረኛዋ ይሰጣሉ፣ ደብተር ላይ ያስፈርማሉ፤ ጠዋት መልሰው ይረከባሉ።

አስር ደቂቃ ፍላሹን ተቀብሎ ገጾቹን መለሰ። ስልኩ ዝም አለ።

ዳይሬክተሩ ግን "ጉዳዩ እስኪጣራ ሲስተር ዌብሳይቱን እንዳይነኩ" አሉ።

ሲስተር "እሺ" አሉ።

አስር ደቂቃስ? ላፕቶፑን ይዞ ወጣ!

ኮሪደር ላይ ሲስተር ደብተሩን ዘረጉለት። "ፍላሹን ተረክበሃል፣ ፈርምልኝ።"

ባዶ ቦታ ፍለጋ ገጾቹን ሲገልጥ... ከአራት ወር በፊት የተጻፈ ነገር አየ።

"ጽሑፉ የት እንደሚቀመጥ ኢንጂነሩን ጠየቅኩ። አያስቡ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ኮፒ እይዛለሁ።"

ወገኖቼ... ይህ ደብተር ስብሰባው ላይ ኪሳቸው ውስጥ ነበር! ቢያወጡት አለቀለት።

"ሲስተር... ለምን አላሳዩም?"

"አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ።"

ተናገረ? አልተናገረም!

አንድ ሳምንት አለፈ... ሁለት... ሦስት። ሲስተር አንድ ቃል ሳይጽፉ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ።

አንድ ቀን አስር ደቂቃ የቢሮውን ስልክ ሲያነሣ አንዲት እናት ናት። "ልጄ ነገ ከሆስፒታል ይወጣል። ስለ አዲሱ ቱቦ ሲስተር እጽፍልሻለሁ ብለውኝ ነበር... ጽሑፉ መቼ ነው የሚወጣው?"

"አስር ደቂ..." ብሎ ጀመረ። መጨረስ አቃተው።

ተነሣ።

ከቢሮው እስከ ዳይሬክተሩ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። አስር ደቂቃ የሚባለው ሰው ያቺን መንገድ ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀበት።

"ይህን ሁሉ እንዴት አወቅክ?" ትሉኝ ይሆናል።

አስር ደቂቃ እኔ ነኝ።

ዳይሬክተሩ ጮኹብኝ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡኝ፣ ይገባኛል። ሲስተር የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሥራቸውን ጀመሩ። ቢሮዬ ሲገቡ አቀርቅሬ ነበር።

"አሁንስ ጽሑፌ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ከሳጥኑ ውጭ ነው፣ ሲስተር።"

"በል ደብተሩ ላይ ፈርም።"

የተማርኩት ይህን ነው፦ የጠፋውን ለመመለስ ደቂቃዎች በቂ ነበሩ። ያቃተኝ "እኔ ነኝ" ማለት ነው። በእኔ ዝምታ ደግሞ የተቀጣው ሌላ ሰው ነበር።

እናንተ በሲስተር ቦታ ብትሆኑ... ያን ደብተር እዚያው ታወጡት ነበር ወይስ እስክናገር ትጠብቁኝ ነበር?

እውነቱን ጻፉልኝ... ስድብም ቢሆን አነባለሁ።