ከአጥሩ ሥር የደፋሁት ጨው

ከባሕር የመጣውን ውኃ የሚቀዳ ሰው ሁሉ ከውኃው የወጣውን ጨውም ይረከባል። ድሬዳዋ በዚህ ደንብ መኖር ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። በአንድ ጀሪካን ሦስት እፍኝ ጨው ይደርሰናል፤ ከከተማ ውጪ ወዳለው ጉድጓድ ወስደን መድፋት ግዴታችን ነው። እኔ ግን መንገዱ ሰለቸኝና ክረምቱን ሙሉ ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘርፌ አጥር ሥር፣ ከጎመን መደባቸው አጠገብ ደፋሁት።

ዛሬ እትዬ ዘርፌ ከዚያው መደብ የቀጠፉትን ጎመን ሠርተው በሳህን ይዘውልኝ መጡ። የሰርግ ወጥ ሠሪ ናቸው፤ ሰፈሩ በምላሳቸው ይምላል።

«እስቲ ቅመስልኝ አቦ። ጨው ጣል ሳላደርግበት ጨው ጨው አለኝ።»

ጎረስኩ። አፌ ተኮማተረ።

«ኧረ ምንም ጨው የለውም» አልኳቸው፤ ዐይናቸውን ማየት ግን አቃተኝ።

«እንግዲያው ምላሴ አርጅቷላ! ለቅዳሜው ሰርግ ሌላ ሰው ፈልጉ ልበላቸው» አሉና ለመሳቅ ሞከሩ። «ለማንኛውም ጎረቤታችን ዘይነባም ትቅመሰው» ብለው እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ።

ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩና ጎመኑን ሳላኝክ ዋጥኩት፤ ለዘይነባ አንድ ቅጠል አላስቀረሁም።

«ውይ ልጄን! ለካ ርቦህ ኖሯል» አሉ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «አይዞህ፣ ነገም ላንተ ብዬ እሠራለሁ።»