ዝናብ እስኪያባራ

ተዋናይቷ ያንን ቃል ከፊልሙ ጽሑፍ ላይ ያነበበችው ሜካፕ የምትሠራላት ልጅ ዓይኗን እየኳለቻት ሳለ ነው። እንዳትነቃነቅ ተነግሯት ነበር፤ ግን ጭንቅላቷ ቀና አለና ኩሉ እስከ ጆሮ ግንዷ ተሳበ።

«ውይ እትዬ! ወጋሁዎት እንዴ?»

«አንቺ አይደለሽም። ወረቀቱ ነው የወጋኝ።»

ፊልሙ ስለ ፍቺ ነው። ባል ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ጥሎ ሊሄድ ሻንጣውን ያነሳል፤ ሚስት በር ላይ ቆማ ትለምነዋለች። እሱም «እኔ እኮ ዝናብ እስኪያባራ የተጠለልኩ ሰው ነኝ። ቤቱ የኔ ነው ብዬሽ አላውቅም» ይላታል።

ይህን ቃል ከራሷ ባል አፍ ሰምታዋለች። አንዴ ክፉኛ ተጣልተው፣ የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ፣ ሦስተኛ ሰው በሌለበት። ኋላ ይቅር ተባባሉ፤ እሷም ለገዛ እናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ታዲያ ለዚች ደራሲ ማን ነገራት?

ደራሲዋ ገና ለጋ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ የማትታይ። ጽሑፏን ለፊልም ሠሪዎቹ ስትሰጥ ሚስቲቱን ይህች ተዋናይት ካልሠራችው መልሱልኝ ብላ ሙጭጭ አለች አሉ። ተዋናይቷ ይህን የሰማች ጊዜ አድናቂ አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ደስታው አፏ ውስጥ ጎመዘዘ።

ያን ቀን የተቀረፀው የትንሿ ልጅ ክፍል ነበር። የተከራዩት ቤት ሳሎን በመብራትና በገመድ ተሞልቶ ማለፊያ የለም። ልጅ ሆና የምትሠራው ሕፃን በር ኋላ ቆማ የእናት የአባቷን ጠብ እየሰማች ታለቅሳለች። ዳይሬክተሩ ወዶት ነበር፤ ደራሲዋ ግን ከጥግ ተነስታ መጣች።

«አታልቅሽ እሺ? ቁጭ ብለሽ የካልሲሽን ክር ምዘዢ። እስኪያልቅ ምዘዢው።»

«ይሄ ደግሞ ምን ትርጉም አለው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ምንም» አለችና ወደ ጥጓ ተመለሰች።

ማታ እራት ላይ ተዋናይቷ ባሏን ዘወር ብላ ጠየቀችው።

«ይህችን ደራሲ ታውቃታለህ?»

«የት አውቃታለሁ?» አለና የጆሮውን ጫፍ አሸት አሸት አደረገ።

በማግስቱ የሚቀጥለውን ገጽ ስትገልጥ ስለ ባልየው የተጻፈውን አገኘች፦ «ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ከየት ይምጣ? ሲያገባት ዘመድ አልባ ነበር። «ከኋላዬ የሚጠራኝ የለም» ይላት ነበር፤ እሷም እናትም እህትም ሆና ያዘችው። ሽበቱ ሲወጣ ደግሞ እንዴት እንዳማረበት ለሰው ስታወራ የኖረች እሷው ናት። ሜካፕ ሠሪዋም አላረፈች፤ «ወንድ ልጅ ሽበት ሲያበቅል ዓይኑ ይቅበዘበዛል» ብላ በእሳቱ ላይ ነዳጅ ጨመረችበት።

አንድ ቀን ሰማዩ ጠቆረና ቀረፃ ቆመ። ተዋናይቷ አየር ልትቀበል ወጣ ብላ ጥጉን ስትዞር የባሏ መኪና ቆሟል። ውስጡ ሁለት ሰዎች አሉ። ባሏ እጁን ሰዶ የደራሲዋን ጉንጭ ነካ። ልጅቷ እጁን ገፋችው፤ ቀጥላም ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ትንሰቀሰቅ ጀመር።

ተዋናይቷ ግድግዳውን ተደገፈች። ካልተዋደዱ መቼ እንዲህ ይለቃቀሳሉ? አለች በሆዷ።

ማታ ባሏ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ገጠመችው።

«አይቼሃለሁ። መኪና ውስጥ አይቻችኋለሁ።»

ሰውየው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ጆሮውን አልነካም።

«በድያታለሁ» አለ። «አንቺንም በድያለሁ። ቁጭ በይና ከሥሩ ልንገርሽ።»

«እሷን ደግሞ ምን ብለህ በደልካት? አገባሻለሁ ብለህ?»

«ኧረ በፈጠረሽ! እንደሱ አይደለም፣ ስሚኝ ብቻ…»

«ሰምቼሃለሁ! ስንት ዓመት ሙሉ ስሰማህ ኖሬያለሁ። የመኝታ ቤታችንን ወሬ ሳይቀር አውጥተህ የሰጠሃት አንተ ነህ። ውጣልኝ!»

ሻንጣውን በገዛ እጇ አዘጋጀችለት። ሸሚዞቹን ሳታጥፍ ጎሰጎሰቻቸው። በር ላይ ደርሶ ዞር ብሎ አያትና ወጣ።

የመጨረሻው ቀን የቀረፁት የልመናውን ክፍል ነበር። እንባ እንዲመጣላት ዓይኗ ላይ ጠብ የሚደረግ መድኃኒት ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ግን ዞር በሉልኝ አለች። ተዋናዩ ሻንጣውን ሲያነሳ ክንዱን ያዘችና «ተው፣ ልጅህን እንኳ እያት» ስትለው ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ዳይሬክተሩ «በቃ!» ማለት ረስቶ ቆየ። ኋላ ሁሉም አጨበጨበ።

ደራሲዋ ብቻ አላጨበጨበችም። ተዋናይቷን ትክ ብላ እያየች ቆማለች።

ተዋናይቷ ጭብጨባውን ጥላ ቀጥ ብላ ወደ እሷ ሄደች።

«ደስ አለሽ? ከቤት አስወጥቼልሻለሁ። ባሌን ውሰጂው፤ ምርቃት ይሁንሽ።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«እኔ ባልዎን አልወሰድኩም፤ አባቴን የወሰዱት ግን እርስዎ ነዎት።»